አምስት ዓመት ያልታረሰው መሬት

መንግሥት መሬት እንዳያርሱ ገንዘብ ይከፍላል የሚለው ወሬ ሲመጣ መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። ባለወፍጮው፣ «አለማረስ ከሆነማ እኔም እችልበታለሁ፣ መዝግቡኝ» ብሎ ነበር። ገበሬው ግን ፈረመ። ቁልቁለቱ ላይ ያለውን እርሻ በየክረምቱ ጎርፍ አፈሩን እየላጠ ወስዶት፣ የዘሩበትን እንኳ የማይመልስ ሆኖ ነበር። በውሉ መሠረት አምስት ዓመት አይታረስም፣ ከብትም አይገባበትም፤ የአፈር ጥበቃ ቢሮው ደግሞ በየዓመቱ ድጎማ ይከፍላል።

የመሬቱ እኩሌታ የታላቅ እህቱ ነው። እሷም እያጉረመረመች ፈረመች። «ቁጭ ብሎ መብላት ያሳፍረኛል» ትለው ነበር። አምስቱን ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ወደ ቁልቁለቱ ዝር አላለችም። ውሉ ሊያልቅ ሲል ትራክተር ተከራየች።

የቢሮው ተቆጣጣሪ ለመጨረሻው ምርመራ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ገበሬው እህቱን ለመናት።

«እትዬ፣ ማረሱንም ታርሽዋለሽ። መጀመሪያ እይው ብቻ።»

«ጉልበቴን ልትጨርሰው ነው» አለችና ክንዱን ይዛ ወረደች።

ሣሩ ወገባቸው ደረሰ። ተቆጣጣሪዋ ከቦርሳዋ ቀጭን የብረት ዘንግ አውጥታ መሬቱ ላይ ተከለች። በመጀመሪያው ዓመት በመዶሻ እየመታችው እንኳ ከጣት እርዝማኔ አላለፈም ነበር። አሁን በእጇ ጫን ብትለው እስከ እጀታው ሰጠመ። ነቅላ አየችው፤ ጫፉ ድረስ ርሷል።

«እስቲ ዝም በሉ» አለች እህትየው፣ ማንም ሳያወራ።

የገበሬውን ክንድ ለቀቀችና ብቻዋን ወደ ትልቁ ቋጥኝ ሄደች። ጉልበቷን የሚያማት ሰው አትመስልም ነበር። ሲደርሱባት ሣሩን በሁለት እጇ ከፍላ ጎንበስ ብላለች። ከቋጥኙ ሥር ጣት የምታህል ውሃ፣ ጥርት ያለች፣ ኩልል እያለች ትወርዳለች።

«እማዬ ከዚህ ነበር የምትቀዳው» አለች ቀስ ብላ። «ሰባት ዓመቴ ላይ ደረቀ። አንተ ገና አልተወለድክም ነበር።»

ለገበሬው ስለ ምንጩ ከልጅነቱ ጀምሮ ስትነግረው ኖራለች፤ እሱ ግን ተረት ይመስለው ነበር። በአምስቱ ዓመት በየሳምንቱ አጥሩን ዞሮ ያይ ነበር እንጂ ወደ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

«በድጎማው ነው የመጣው ማለት ነው?» አላት ተቆጣጣሪዋን።

«እሱን አልምልልዎትም፤ ዝናቡም ደህና ነበር። ግን አፈሩ ውሃ መያዝ ጀምሯል።» ቅጹን አገላበጠችው። «ምንጭ የሚጻፍበት ቦታ እንኳ የለውም።» ቆይታ ኅዳጉ ላይ በትናንሽ ፊደል ጻፈችው።

እህትየው ስልኳን አወጣች። «አንተ ባለትራክተር፣ ተወው፣ አትምጣ» አለችው። «እንዴት ብዬ ልንገርህ? መሬቱ ሥራ ላይ ነው።»

ከዚያ የተቆጣጣሪዋን እስክሪብቶ ተቀብላ፣ ለማራዘም ለሚፈልግ ተብሎ የመጣውን አዲስ ውል ቋጥኙ ላይ አስደግፋ ፈረመች። ገበሬው ግን አላያትም። ተንበርክኮ በእፍኙ ውሃውን ይዞ፣ መጠጣቱን ፈርቶ፣ ዝም ብሎ ይመለከተዋል።

«ጠጣ እንጂ» አለችው እህቱ።