የሠርካለም መደብ

የሠርካለም ሞያ ፈትል ነበር። ከደብረ ታቦር እስከ ገሳይ ባለው አገር የሚፈትሉ ሴቶች ሞልተዋል፤ የእሷን ያህል ክር የምታቀጥን ግን አልነበረችም፤ ይህን የሚክድ ቢኖር ፈትል የማያውቅ ሰው ነው። ችግሯ ቤቷ ነበር። መስኮት የለው፣ በጭስ ጠቁሮ፤ በበሩ የምትገባውን ጭላንጭል ደግሞ ጥጃው ቆሞ ይጋርዳታል። ደጅ ወጥታ እንዳትፈትል የጉና ተራራ ነፋስ የጥጡን ባዘቶ ከእጇ ይነጥቃታል።

ንጉሡ ደብረ ታቦር በከረሙበት ዓመት ፈንጣጣ ገባና አንዲት ልጇን ወርቅነሽን ጣለባት። ሠርካለም ተሳለች፤ ልጄን ብትምርልኝ በእጄ የፈተልኩትን ሸማ ለጣራ ገዳም መጋረጃ አስገባለሁ አለች። ልጅቱ ዳነች። ስለት ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ካልተከፈለ የሰጠውን መልሶ ይወስዳል። ስለዚህ ሠርካለም ከልጇ ነፍስ ጋር የታሰረውን ፈትል ጀመረች። በዚያ ጨለማ ግን ክሩ ይበጠሳል፣ ዓይኗ ያነባል፣ ወገቧ ይቆረጣል።

ባሏ ይርጋ ይህን አይቶ አዘነላት። ወይም ያዘነ መሰለ፤ ያን ጊዜ ማን ይለየዋል። በምሥራቅ በኩል ግድግዳውን ነድሎ መስኮት አወጣላት፤ ከመስኮቱ ሥር የድንጋይና የጭቃ መደብ ሠራላት። እግሯ መሬቱን ደልደል አድርጎ እስኪረግጥ ድረስ ሁለት ጊዜ አስፈረሰችው፤ የጀርባ መደገፊያም አስጨመረችው። በላዩ የበግ አጎዛ አነጠፈች። የጥጥ አመልማሎው ሙዳይ በግራ፣ የክር ልቃቂቱ ቅርጫት በቀኝ፣ ሁሉም ሳትነሣ እጇ የሚደርስበት ሆነ። ምድጃውን ወደ ጓዳ አዛወረች። ለጥጃውም ደጅ አዲስ ካስማ ተተከለለት፤ በነገሩ ያኮረፈ እሱ ብቻ ነበር።

ጎረቤት እየመጣ አየ። ለሚስቱ ዙፋን ሠራላት እያሉ በይርጋ ሳቁበት። ሠርካለም ግን ባሏን ያን ጊዜ ወደደችው፤ ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

የጎደላትን ጥጥ ይርጋ ከእብናት ገበያ አመጣ። ጸሎቷን ሳታደርስ እንዝርት አትነካም፤ በበዓል ቀን አትፈትልም፤ ስትፈትል ሰው አታማም፤ ይኸኛው ከሁሉ ከበዳት። አንድ ቀን ብቻ ወርቅነሽ ስታስል ደንግጣ ክሩ በእጇ ወፈረባት። በጥሳ ልትጥለው አሰበችና፣ እግዜር የእናትን ድንጋጤ ያውቀዋል ብላ ተወችው።

ሸማው ከሸማኔ ተሠርቶ ሲመጣ አንድ ቀን ቤቷ ዋለ። ያችን ወፍራም ክር ከጥለቱ አጠገብ አገኘቻትና በጣቷ ዳሰሰቻት። ከዚያ ይርጋ ሸማውን ይዞ ወደ ጣራ ገዳም ሄደ። እኔም ልሂድ ብትለው ልጅቱ ገና አልጠናችም ብሎ አስቀራት። በአምስተኛው ቀን ተመለሰና መነኮሳቱ ሸማውን አይተው እንደ መረቋት ነገራት። በቅል ጠበል አምጥቶ ነበር፤ ወርቅነሽ በባዶ ሆዷ ጠጣችው።

ወር ሳይሞላ ይርጋ ጭቃ ሹም ሆነ። ግብር ሊያስገባ፣ የድንበርና የከብት ጠብ ሊዳኝ ተሾመ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያለ አገሬው ደስታውን ገለጠ። ዳኛ መንገደኛውን እያየ የሚቀመጥበት ብርሃን ያለው ቦታ ያስፈልገዋልና ይርጋ መደቡ ላይ ተሰየመ። ሙዳዩና ቅርጫቱ ጓዳ ገቡ። ሠርካለም ለባሏ ክብር ብላ ቦታውን ለቀቀች።

እሑድ ዕለት የአገሩ ጌታ ሚስት በበቅሎ ቤተ ክርስቲያን መጣች። ሠርካለም እጅ ልትነሣ ጎንበስ ስትል የወይዘሮዋ ኩታ ጫፍ ፊቷ ላይ ተንጠለጠለ። ከጥለቱ አጠገብ ያች ወፍራም ክር አለች።

የወይዘሮዋን ደንገጡር የሺን ቀስ ብላ ጠየቀቻት። የሺም አዲሱ ጭቃ ሹም እጅ መንሻ ያመጣው ነው፣ ሚስቱ ናት አሉ የፈተለችው፣ ታድላ አለቻት።

ሠርካለም ወደ ቤቷ ስትሄድ ነገሩን አንድ በአንድ ገጣጠመችው። ሌላ ሴት ቢወሽምባት ይሻላት ነበር። በልጇ ነፍስ ሹመት ገዛባት። መስኮቱም፣ መደቡም፣ ያ ሁሉ ርኅራኄ ለሸማው ነበር። ያ ጠበልስ ከየትኛው ወንዝ የተቀዳ ይሆን?

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሎች ተቀምጠው፣ ሁለት ባለ ድንበሮች ቆመው፣ ይርጋ መደቡ ላይ ሳለ ሠርካለም ነጠላዋን አደግድጋ ከፊታቸው ቆመች። ከሸማው የተረፈ ልቃቂት ይዛለች።

«በንጉሥ አምላክ» አለች። ይህ ቃል ከተጠራ ዳኛ ሳይሰማ አይነሣም።

ይርጋ የቤት ነገር ማታ ይደርሳል አላት። እሷ ግን ቀጠለች።

«ዳኛ ነዎት፣ ይስሙኝ። አንድ ሰው የልጄን ስለት ከመንገድ መልሶ እጅ መንሻ አደረገው። ልጄንም ጠበል ነው ብሎ የወንዝ ውኃ አጠጣት። ቢክድ ክሩ ይኸውና፤ ሸማው ከወይዘሮዋ ትከሻ ላይ ነው።»

ሰውየው ማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ይርጋ ሹመቱ ለቤታችን ነው፣ ለልጅቱም ነው አለ።

ከሽማግሎቹ ትልቁ አያ እሸቴ ተናገሩ። «ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ወይዘሮዋም እንደዚያው ናት። ሸማው አይመለስም። ሌላ ምን ይፈረድልሽ?»

«ሸማውን እንደገና እፈትላለሁ» አለች። ወደ ባሏ ዞረች። «ከመደቤ ውረድ።»

ይርጋ ሽማግሎቹን አየ። ሽማግሎቹ መሬት መሬቱን ያያሉ። ወረደ። የድንበሩ ነገር ደጅ፣ ከጥጃው ካስማ አጠገብ ተሰማ።

ሠርካለም አጎዛዋን አራገፈች። ሙዳዩን በግራ፣ ቅርጫቱን በቀኝ አስቀመጠች። ከዚያ ወርቅነሽን ጠርታ ግንባሯን ዳሰሰቻት፤ ለዛሬ ትኩሳት የላትም። ጸሎቷን አድርሳ እንዝርቱን አነሣች።