መርዶ በስልክ

ከቴአትር ቤቱ ዘበኛ እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም የሚጠራቸው ጋሽ መልእክተኛ እያለ ነው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ካለ ሚስታቸው ብቻ ናቸው። በዚያ በጥንቱ ተውኔት ውስጥ፣ ጦር ሜዳ የሄደው ልጁ መሞቱን ለንጉሡ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ንጉሡን የሚጫወቱት ደግሞ የልብ ጓደኛቸው ሲሆኑ፣ እሳቸውንም ሰው ንጉሡ ብሎ መጥራት ለምዷል። መግባት፣ ማርዳት፣ መውጣት፤ የጋሽ መልእክተኛ ሚና በቃ ይችው ናት። ይችኑ ግን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቋታል። "ቁና ቁና መተንፈስ በማስመሰል አይሆንም" ስለሚሉ፣ ተራቸው ሲደርስ በጓሮ በር ወጥተው ሕንጻውን በሩጫ ዞረው ነው የሚገቡት። ልጃቸው ትንሽ ሳለች እዚያ በር ላይ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ትጠብቃቸው ነበር። ጉሮሮ ካልረጠበ ድምፅ ከየት ይመጣል!

ያቺ ልጅ አድጋ አዘጋጅ ሆነችና ተውኔቱን ለዛሬ ሰው እንዲሆን አድርጌ ላምጣው ብላ ተነሳች። ዙፋኑን አስነስታ ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበር ተካችበት። ንጉሡ ዘውዳቸውን አውልቀው፣ ከረባት ያሰሩ የኩባንያ ባለቤት ሆኑ። ልጃቸውም አሁን የሚሞተው መኪና ተገልብጦ ነው።

"መልእክተኛውስ?" አሉ አባት፣ ነገሩ ሸተት ቢላቸው።

"አባዬ፣ ዛሬ ማን ሮጦ ይመጣል? ይደወላላ! አንተ የቢሮው ጥበቃ ሆነህ በሩ ላይ ትቀመጣለህ።"

"ምን እያልኩ?"

"ምንም።"

ባዕድ ብትሆን ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር። የገዛ ልጅ ሆነችና ዋጥ አደረጉት። ቤት ገብተው ግን ራት አልበላም አሉ። ሚስታቸው "ወይ ጉድ፣ ይሄ ሰውዬ በስልክ ቀና!" ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁባቸው።

ለቤተሰብና ለጎረቤት በተዘጋጀው የሙከራ ትርኢት ላይ ጋሽ መልእክተኛ የጥበቃ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እንዳኮረፉ በሩ ላይ ተቀመጡ። ስልኩ ጠራ፤ ንጉሡ አነሱ። አዘጋጇ ራሷ ከመጋረጃ ጀርባ በማይክሮፎን መርዶውን ተናገረች። አሁን ንጉሡ ማልቀስ ነበረባቸው። እንባ ወይ ፍንክች! ያን ሁሉ ዓመት የጓደኛቸውን ትንፋሽ ሳይሰሙ አልቅሰው አያውቁማ።

"ሃሎ" አሉ። ትንሽ ጠበቁና "እሺ... ሃሎ?"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ጭራሽ ጮክ ብለው "እንዴ! ለአባት እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይነገራል?" አሉ።

ጋሽ መልእክተኛ መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ምን ይደበቃል። ቀጥሎ ግን ጓደኛቸው ስልኩን እንደያዙ ዓይናቸውን ወደ በሩ ሲያንከራትቱ አዩ። ከመጋረጃው ጀርባ የልጃቸው ፊት አመድ መስሏል። ኩርፊያቸው የት እንደገባ እንጃ፣ ብድግ ብለው በጎን በር ሹልክ አሉ።

ንጉሡ ገና ሃሎ ሃሎ እያሉ፣ ጥበቃው በሩን በርግደው ገቡ። ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። የድሮው ቃል ለኩባንያ ባለቤት አይሆንም፤ አዲስ ቃል ደግሞ ማንም አልሰጣቸውም። ቆባቸውን አወለቁ። ስልኩን ከጓደኛቸው እጅ ቀስ ብለው ተቀበሉና ዘጉት። "ጌታዬ... ልጁ..." አሉ።

ንጉሡ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው አለቀሱ። እኚያ እናትም መሐረብ ፍለጋ ቦርሳቸውን መበርበር ያዙ።

ትርኢቱ ሲያልቅ ልጅቷ ወደ መልበሻ ክፍሉ መጣች። ጋሽ መልእክተኛ ለቁጣ ተዘጋጅተው ጠበቋት።

"ስልኩ አይቀርም" አለች። "ይጠራል፣ ይነሳል፣ ግን ማንም ደፍሮ አይናገርም። የምትናገረው አንተ ነህ። ሩጫው ግን ይቅር አባዬ፣ ዕድሜህን እወቅ።"

"ሳልሮጥ አልገባም!"

"እንግዲያው እንደ ፍጥርጥርህ!" ብላ በሩን ወርውራው ወጣች።

በምረቃው ዕለት ጋሽ መልእክተኛ ሕንጻውን እየሮጡ ዞረው የመጨረሻውን ጥግ ሲታጠፉ፣ ጓሮ በር ላይ ሰው ቆሟል። የክብር እንግዶቹ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ የሚፈልጓት አዘጋጅ፣ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አውልቃ፣ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ትጠብቃቸዋለች።

"ቶሎ በል አባዬ፣ ስልኩ ጠርቷል!"

ጠጡና ገቡ። ያን ቀን መድረኩ ላይ ድምፃቸው የተቆራረጠው ግን በሩጫው ብቻ አልነበረም።