ሳሙና የበላው አሻራ

የምሠራበት ፋብሪካ ፈሳሽ ሳሙና ያመርታል። ጠርሙሱ ላይ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ታቅፋ ትስቃለች፤ ከሥሯ «ለጨቅላ ገላ እንኳ የሚስማማ» የሚል ጽሑፍ አለ። ምን እንዲህ እንደሚያስቃት ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ኋላ ላይ ነው የገባኝ፤ ሴትዮዋ ሳሙናውን አልነካችውም።

የምንነካው እኛ ነን። ያልተበረዘው ሳሙና በትልልቅ ሰማያዊ በርሜል ይመጣል፤ የወፈረ፣ ገና ሳይከፈት ሽታው ዓይን የሚያስለቅስ። በክፍላችን ያለን ሴቶች በውሃ እንበርዘዋለን፣ እናማስለዋለን፣ ጠርሙስ እንሞላለን፣ የፈሰሰውን በጨርቅ እናደርቃለን፣ ከዚያ ጨርቁን በእጃችን እየጨመቅን ወደ በርሜሉ እንመልሳለን፤ ድርጅቱ ብክነት አይወድማ። የእኛ ቆዳ እንደ ብክነት አይቆጠርም። መጀመሪያ እጄ ቀላ። ከዚያ አሳከከኝ፣ ከዚያ ሽፍታ ወጣብኝ፣ ከዚያ ይላጥ ጀመር፤ በመጨረሻ እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቆ ቁልፍ መያዝ እንኳ የሚያመኝ ሆነ።

«ጓንት አታደርጉም እንዴ?» የሚል ይኖራል። የዋህ! የክፍላችን አንዱ ግድግዳ መስታወት ነው። ነጋዴዎችና እንግዶች ከውጭ ቆመው ያዩናል። ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ፣ «ለስላሳ» የምትል ቃል ከአፉ ስለማትጠፋ በሌለበት አቶ ለስላሳ የምንለው፣ ስለ ጓንት ጽኑ እምነት አለው።

«ጓንት ያየ ደንበኛ ምን ይላል?» ይለናል። «‹የሠሩት ሰዎች የሚፈሩትን እኔ ለልጄ ልግዛ?› አይልም? ባዶ እጃችሁ ማስታወቂያችን ነው። ለስላሳ ምርት፣ ለስላሳ እጅ!»

ይህን ሲናገር የራሱ እጆች ኪሱ ውስጥ ናቸው። ክፍላችን ገብቶ እጁን ከኪሱ የሚያወጣው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው። በየበርሜሉ ክዳን ላይ የታሰረች ጥቁር ፌስታል አለች፤ አዲስ በርሜል በመጣ ቁጥር እሷን ራሱ በቢላዋ ቆርጦ ወደ ዕቃ ቤት ይወስዳታል። የቅመማው ምስጢር ናት እየተባባልን እናማው ነበር።

እንዲህ እንዳለሁ ልጄ ወለደች። ወንድ ነው። ቤቱን ሁሉ እንደ ልቡ ስለሚያዝ ጌታው እንለዋለን። ገላውን ላጥበው ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ተቀበልኳት። እጄ ጀርባውን እንደነካው ተንፈራገጠና ቤቱን በጩኸት አቀለጠው። ገልበጥ ሳደርገው መዳፌ ጀርባው ላይ ቀይ መስመር አስምሮበታል። ልጄ አየች፤ አይታም እንዳላየች ሆነች።

«እማዬ፣ ከሥራ ነው የመጣሽው፣ ደክሞሻል። እኔ ልጠበው።»

«ማን ደከመኝ አለሽ?»

«እሺ እንግዲያው፣ አንቺ ውሃውን በክርንሽ እዪልኝ። እኔ ሙቀቱን አልለይም።»

ሙቀቱንማ አሳምራ ትለያለች። እሷን ራሷን አጥቦ ያሳደገ እጅ ከገንዳው ተባረረ። አፈርኩ፤ ከዚያ ደግሞ ማፈሬ ራሱ አናደደኝ። ቢሆንም ክርኔን ነከርኩ፤ ደህና የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጌታው ገላውን ሲታጠብ እኔ ክርን ነኝ። «ትንሽ ቀዝቃዛ ጨምሪበት» እላለሁ፣ ትጨምራለች፣ ሥራዬ እዚያ ላይ ያልቃል።

ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ቫዝሊን አለችኝ፣ አንዷ የሰው ዓይን ነው አለችኝ፣ አንዷ ደግሞ ደምሽ ተቆጥቶ ነው አለችኝ። ደሜስ ተቆጥቷል፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አልጠየቀችኝም። እውነተኛዋ ሐኪም ዘንድ ስሄድ እጄን ገልብጣ አየችና ብዙም አልተፈላሰፈች።

«ችፌ ነው፤ ከኬሚካል ንክኪ የመጣ» አለችኝ። «ቅባት አዝልዎታለሁ። ግን እጅዎ ከሳሙናው ካልራቀ ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። መራቅ ካልቻሉ ረጅም ጓንት ያድርጉ።»

ይህንኑ ሄጄ ለአቶ ለስላሳ ነገርኩት።

«እናታችን» አለኝ። እናታችን የሚለኝ እምቢ ሊለኝ ሲል ነው። «ቤትዎ በምን ሳሙና ነው የሚታጠቡት?»

«ከሱቅ በገዛሁት ደረቅ ሳሙና ነዋ።»

«ይኸው! የሌላ ድርጅት ሳሙና ነው እንዲህ ያደረገዎት! በእኛው ይታጠቡበት፣ ለስላሳ ይሆንልዎታል።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ሥራውን ለቅቄ እንዳልሄድ ደግሞ፣ ይህን እጅ አይቶ ማን ይቀጥረኛል?

በዚህ መሀል የአሻራ ማሽኑ መጣ። ሰው እያረፈደ አስቸገረ ተብሎ መግቢያው በር ላይ ተሰቀለ። ጣት የሚያነብ፣ በሴት ድምፅ የሚናገር ማሽን ነው። ያወቀውን «እንኳን ደህና መጡ» ይለዋል፤ ያላወቀው እንደ ቀረ ይቆጠራል፤ መቅረት ያበዛ ይሰናበታል። በምዝገባው ዕለት ጥበቃው ታወቀ፣ ሾፌሮቹ ታወቁ፣ የቢሮ ሰዎች ታወቁ። ተራዬ ደረሰና አውራ ጣቴን ጫንኩ።

«እባክዎ ጣትዎን ያስቀምጡ» አለች ማሽኗ።

«አስቀምጫለሁ» አልኳት።

«እባክዎ ጣትዎን ያስቀምጡ።»

«ምን ላድርግሽ እንግዲህ፣ ቆርጬ ልስጥሽ?»

ከኋላዬ የቆመችው የሥራ ባልደረባዬ ሳቂታ እንደ ስሟ ተንከተከተች። ተራዋ ሲደርስ ግን እሷንም ጣት አምጪ አለቻት። ከክፍላችን አንዲትም ሴት አልታወቀችም። የማሽኑ ባለሙያ ተጠራ። ማሽኗን ወለወላት፣ ጣቴን ወደ ብርሃን አዙሮ አየ፣ ደግሞ ተመልሶ ማሽኗን አየ።

«ማሽኑ ደህና ነው» አለ። «ጣታቸው ላይ ነው ምንም የሌለው። አሻራው ተልጦ አልቋል።»

አቶ ለስላሳ ዙሪያውን ገላመጠ። ጭንቁ ገብቶኛል። አሻራቸው ጠፍቷል ካለ፣ ምን አጠፋው ሊባል ነው። አልጠፋም ካለ ደግሞ፣ ያን ሁሉ ጠርሙስ የሚሞሉት ከሥራ የቀሩ ሰዎች ናቸው።

«ሳሙናችን አሻራ አያጠፋም» አለ በመጨረሻ። «እነዚህ ሴቶች ከተፈጥሯቸው የእጅ አሻራ የላቸውም። እግራቸው ይሞከር።»

እጅና እግር የሌለው ነገር ሲባል ስሰማ ኖሬአለሁ፤ እጅ የሌለው እግር ያለው ነገር ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። ማሽኗ ከቦታዋ ተነቅላ ወደ ወለሉ ዝቅ ብላ ተሰቀለች። አግዳሚ ወንበር መጣ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ። በማግስቱ ጠዋት አንድ አንድ ጫማችንን አውልቀን፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን ተሰለፍን። የእግሬን አውራ ጣት ስጭን «እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ። በእጄ የምሠራው ሴትዮ በእግሬ ታወቅሁ።

የድርጅቱ ባለቤት ለጉብኝት መጣና፣ «ሴቶቹ ምን ሆነው ነው ጫማ የሚያወልቁት?» ብሎ ጠየቀ። አቶ ለስላሳ ምንም ሳይደነግጥ፣ «ለንጽሕና ነው ጌታዬ። እጅ የማይነካው ነገር የለም፣ እግር ግን ጨዋ ነው» አለ። ባለቤቱ ትከሻውን መታ መታ አደረገለት፤ እሱ በተራው የባለቤቱን አስተዋይነት አደነቀ። እከክልኝ ልከክልህ ማለት፣ የማያሳክካቸው ሰዎች እንዲህ ሲተካከኩ ነው። ባለቤቱ ሊወጣ ሲል ግን፣ «ጥሩ ነገር ከሆነማ ሁሉም ለምን አያደርገውም?» አለ። ከዚያ በኋላ ሒሳብ ሹሙም ጸሐፊዋም ምንጣፉ ላይ መቆም ጀመሩ። አቶ ለስላሳ ካልሲውን ማውለቅ አላስፈለገውም፤ አውራ ጣቱ በቀዳዳው ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

የፈሰሰ ሳሙና ግን የሚሄደው ወለል ለወለል ነው። ቦት ጫማም እንደ ጓንት ደንበኛ ያስፈራል ስለተባለ የምንሠራው በሸራ ጫማ ነው፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እግራችን ይርሳል። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ሳቂታ አንዱን እግሯን በሌላው ስትፈትግ አየኋት። እኔም እየፈተግሁ ነበር።

የፈራነው አልቀረም። አንድ ጠዋት ማሽኗ ሳቂታን «እባክዎ ጣትዎን ያስቀምጡ» አለቻት። ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ሌሎቹን። ያን ዕለት ደግሞ ግቢው ውስጥ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ትልቁ ደንበኛችን ዕቃውን ራሱ ሊረከብ መጥቶ በረንዳው ላይ ይጠብቃል። ያልተሞላ ጠርሙስ ገና ብዙ ነው። አቶ ለስላሳን ላብ አጠመቀው። ባለሙያውን አስጠርቶ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ፤ ሹክ ያለ መስሎት ሁላችንም ሰማነው።

«ክርንስ? በክርን አይሆንም? ክርናቸውን እንኳ ሳሙናው አይነካውም።»

ደንበኛው ቀና ብሎ አየው። አቶ ለስላሳ ምን እንደተናገረ የገባው ነገሩ ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው።

«ሳሙናው ቢነካውስ ጌታዬ?» አልኩት። «ለጨቅላ ገላ እንኳ ይስማማ የለ?»

«እናታችን፣ አሁን የክርክር ሰዓት አይደለም። እጅጌዎን ሰብሰብ ያድርጉና…»

«አልሰበስብም! እጄን ወሰዳችሁ፣ እሺ አልኩ። እግሬን ወሰዳችሁ፣ እሱንም እሺ አልኩ። ክርኔን ግን አልሰጥም። ክርኔ የልጅ ልጄ ድርሻ ነው።»

እጅጌዬን እስከ አንጓዬ ጎትቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ምን እዋሻለሁ፣ ፈርቻለሁ። ሳቂታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትስቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተከተሉ። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ይባላል፤ እኛን ደግሞ ማጨብጨብም ስለሚያመን ዝም ብለን ተቀመጥን።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ደንበኛው ሰዓቱን አየ። አቶ ለስላሳ እኛን አየ፣ መኪናውን አየ፣ ከዚያ ኮቱን አወለቀ። የቀረውን ጠርሙስ ራሱ ሊሞላ! ወደ ክፍላችን ገባ። እኛም ተነሥተን ከደንበኛው ጎን መስታወቱ ፊት ቆምን። በዚያ መስታወት ከውጭ ወደ ውስጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በርሜሉን ከፍቶ ጎንበስ ሲል ሽታው ወደ ኋላ መለሰው። እጆቹን ወደ ፊቱ አምጥቶ አያቸው፤ ጭረት የማያውቁ፣ ወዛም እጆች ናቸው። ጥቂት አሰበና ወደ ዕቃ ቤት ሄዶ አንዲት ጥቁር ፌስታል ይዞ ተመለሰ፤ ያችን ከበርሜል ክዳን ላይ የሚቆርጣትን። ቀደዳት።

ከውስጧ ጓንት ወጣ። ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ እስከ ክርን የሚደርስ። ሳሙናውን የሚልኩልን ሰዎች ከእያንዳንዱ በርሜል ጋር ሲልኩልን የኖሩት ጓንት ነው። አቶ ለስላሳ አንዱንም ሌላውንም ተጠንቅቆ እስከ ክርኑ ሳበና እጁን ነከረ። ቀና ሲል መስታወቱን የሞላነው እኛ ነን።

ማንም አልጮኸበትም። ደንበኛው ብቻ፣ «እኔ እንኳ ቤቴ ትንሽ ልጅ አለችኝ» አለና ባዶውን መኪና ይዞ ሄደ። ሳቂታ ወደ ዕቃ ቤቱ አመራች፤ አቶ ለስላሳ በችኮላ በሩን ሳይዘጋው ነው የመጣው። ጥቁሩ ፌስታል እስከ ጣሪያው ተከምሮ አገኘነው። ያን ሁሉ ጊዜ የተላጥነው ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ወዲህ ማዶ ቆመን ነው። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

አሁን ሁላችንም ጓንት አለን። ድርጅቱ ግን አፈረ እንዳይመስላችሁ፤ መስታወቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለ፣ መጋረጃው ላይም ያችን የምትስቅ እናት አሳተመ። ማሽኗ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ተመለሰች። እኛን እስክታውቀን ድረስ ጥበቃው በዓይኑ እያየ ያስገባናል፤ ድሮም እንዲያ ነበር የሚያደርገው።

እጄ ቀስ እያለ እየዳነ ነው። ትናንት ልጄ ገንዳውን አዘጋጀች፤ እኔም እንደ ልማዴ ክርኔን ነክሬ፣ «ደህና ነው፣ አስገቢው» አልኳት። አላስገባችውም። መዳፌን ያዘች፣ ገለበጠች፣ በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ጌታውን አንሥታ ሰጠችኝ።

ዛሬ ጠዋት መግቢያው ላይ ማሽኗን ሞከርኳት። «እባክዎ ጣትዎን ያስቀምጡ» አለችኝ። ትበል። ጌታው ጀርባውን ስይዘው አላለቀሰም።