አረንጓዴ የተቀባው ተራራ

መሥሪያ ቤቱ በየወሩ መጨረሻ ሃያ አራት ገጽ መግለጫ ያወጣል። ከሐሩር ክልል ውጭ ባለው ዓለም ነፋሱ ከወትሮው ወዴት እንደዞረ፣ ሙቀቱ ከሠላሳ ዓመቱ አማካይ ምን ያህል እንደራቀ፣ ዝናቡና በረዶው የት በዝቶ የት እንደጎደለ በካርታ ይነገርበታል። ቡናማ ከሆነ ጎድሏል፣ አረንጓዴ ከሆነ ተርፏል። ካርታውን የሚሠራውን ሰውዬ ባልደረቦቹ «ሊቁ» ይሉታል። እሱ ለሙገሳ የወጣለት መስሎት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደረቱን ነፍቶበታል።

ሊቁ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያልናቀው ሰው የለም። ጸሐፊዋን ይንቃል፣ ማተሚያ ክፍሉን ይንቃል፣ ዳይሬክተሩንማ ተዉት። እውነት ለመናገር ዳይሬክተሩም የሚናቅ ሰው ነው። መግለጫው ሲቀርብለት መጨረሻውን ገጽ ገልጦ ይፈርማል፤ የሚመረምረው ነገር ቢኖር መግቢያው ላይ የወጣችውን የራሱን ፎቶግራፍ ነው። እሷን ግን አገላብጦ ያያታል።

ባለፈው ወር ሊቁ አንድ ተንኮል ታየው። በሰሜን ተራሮች ላይ ከፍተኛ የአየር ግፊት ተኝቶ ከርሞ ደመናውን ሁሉ ወደ ሌላ አገር ገፍቶታል፤ የወረደው በረዶ የመደበኛውን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ሊቁ ያንን ጥግ በቡናማ ፈንታ አረንጓዴ ቀባው። ከሥሩም «ከመደበኛው እጅግ የበለጠ በረዶ» ብሎ ጻፈ። ማንም ልብ አይልም፤ በወሩ ስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ ዳይሬክተሩን በሰው ፊት ልክ ያስገባዋል። ሐሳቡ ይኸው ነው።

ዳይሬክተሩ ፈረመ፣ ማተሚያ ክፍሉም አተመ። ሊቁ ለታላቅ እህቱ በየወሩ የሚልካትን ቅጂ ያለ ሐሳብ ላከላት። እህቱ ከዚያው ተራራ በሚወርደው ወንዝ ዳር ማሳ አላት። ከአሥር ቀን በኋላ ደወለችለት።

«ወይኑን አስነቅዬ ፖም ልተክል ነው። አራት መቶ ችግኝ!»

«ጎሽ፣ እታለም» አላት። ጆሮው ስልኩ ላይ ነበር፣ ልቡ ግን ስብሰባው ላይ። ወይን ድርቅ ይችላል፤ የፖም ችግኝ ግን በመጀመሪያው ዓመት ውኃ ካጣ አለቀለት። ይህን ሊቁም አሳምሮ ያውቃል፤ ያደገው እዚያው ማሳ ላይ ነው።

የስብሰባው ቀን ሊቁ ሸሚዙን አስተኩሶ መጣ። ቃላቱን በልቡ ደርድሮ ሊነሳ ሲል ዳይሬክተሩ ቀደመው። በእጁ አንድ ወረቀት ይዞ ፊቱ በደስታ ይፈካል።

«ከአንባቢ የመጣ የመጀመሪያው ደብዳቤያችን ነው! ስሙኝማ። ‹መግለጫችሁ ተራራው ላይ በረዶ እንደበዛ ስለነገረኝ፣ ዘንድሮ ወንዙ አይጎድልም ብዬ ወይኔን አስነቅዬ አራት መቶ ፖም ተክያለሁ። ካርታውን የሚሠራው ልጅ ይበርታ። ሹመትም ይገባዋል።›»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሊቁ ብቻ አላጨበጨበም። ሹመት ይገባሃል እያለች ዘጠኝ ዓመት የነዘነዘችው አንዲት ሰው ብቻ ናት። እህቱ መሆኗን እንኳ አልጻፈችም፤ አድልዎ እንዳይመስልበት ብላ ነው።

«ተነስ እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሃል?» አለው ዳይሬክተሩ።

ተነሳ። የደረደረው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። «ተራራው ላይ በረዶ የለም» አለ። «እያወቅኩ ነው አረንጓዴ የቀባሁት።»

«ለምን ብለህ?»

«እንደማያነቡት ለማሳየት።»

«አንተ ከሠራኸው ምን ብዬ አነባለሁ?» አለ ዳይሬክተሩ። ኃላፊነት የሚባል ነገር በዞረበት ያልዞረ ሰው፣ በሕይወቱ አንድ እውነት ተናገረ። ያቺም ሊቁን አንገቱን አስደፋችው።

ኮሪደር ላይ ወጥቶ ደወለ።

«ደብዳቤዬ ደረሰ?» አለች ገና ስታነሳ፣ እየሳቀች። «ተክለን የጨረስነው ባለፈው ሳምንት ነው፣ ብታየው!»

ሁሉንም ነገራት። አልጮኸችም።

«ማንም አያነበውም ብዬ ነው፣ እታለም።»

«በየወሩ የምትልክልኝ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ነው?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንባቢ የለኝም ብሎ ሲያማርር፣ እሷን ከሰው አልቆጠራትም ነበር። አፈረ፤ ማፈሩንም ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀው።

«የዓመት ፈቃድህ ስንት ቀን ነው?» አለችው።

«ሠላሳ።»

«አይበቃም። ያለ ደመወዝም ጨምርበት። ከውኃ ጉድጓዱ እስከ ማሳው ሦስት መቶ እርምጃ ነው። ባልዲ እኔ ጋ አለ» አለችና ጆሮው ላይ ዘጋችበት።