አንድ ሰፊ ጣት

ራጅ አንሺው በአሥራ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኑ ለበሽተኛ የተናገረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «እንዳትነቃነቅ» እና «ውጤቱን ሐኪሙ ይነግርሃል»። ጎድኑ የተሰበረውንም ሳንባው ያለቀለትንም በዚሁ ሸኝቷል። ይኮራበታል።

ሰኞ ጠዋት የመጣችው በሽተኛ ግን የአሥር ወር ልጁ ናት። የግራ እጇ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ከሥር እስከ ጫፍ እንደተጣበቁ ነው የተወለደችው። የያዛቸው ቆዳ ብቻ ከሆነ በቀዶ ጥገና ይለያያሉ፤ አጥንቱም ከተዋሐደ ግን አበቃ። እሱ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ቆዳ ነው፤ እንደ ፖስታ ይከፈታል» ብሎ ለሚስቱ በወሊዱ ማግሥት ፈርዶላት ነበር።

ሚስቱ ከባዱን የጨረር መከላከያ ሽርጥ ለብሳ የልጇን ክንድ ያዘች። ማሽኑ ጠቅ አለ።

ምስሉ ላይ ሁለት ረድፍ አጥንት መታየት በነበረበት ቦታ አንድ ወፍራም አጥንት ቆሟል።

«ተነቃንቃለች» ብሎ ዋሸና ደገመው። ማሽኑ ይሉኝታ አያውቅም፤ ያንኑ አወጣለት።

«እሺ፣ ምን አየህ?»

«ውጤቱን ሐኪሙ ይነግርሻል። ሐሙስ ነው የሚገባው።»

«ኧረ ተው! እኔ ሚስትህ ነኝ ወይስ ተራ የምጠብቅ በሽተኛ?» ብላ ሳቀች። ደስ የሚል ነገር ደብቆ የሚያጓጓት መስሏታል።

አማቱ ለልጅቷ የክር ጓንት መሥራት ጀመሩ፤ የቀዶ ጥገናው ቁስል ሲድን የምታጠልቀው፣ ባለ አምስት ጣት፣ ቀይ። ረቡዕ ከሰዓት እሱን ክር አስይዘው ፊታቸው አስቀመጡት።

«ምነው ተቁነጠነጥክ? ሰውን አትነቃነቅ ባዩ አንተ አይደለህ እንዴ!»

ሚስቱ ከት ብላ ሳቀች። ልጅቷም እናቷን አይታ ሳቀች።

ቀኙ አለቀ። የግራው አውራ ጣት፣ ከዚያም ሌባ ጣት አለቀ። አማቱ መርፌያቸውን አቆሙ።

«እነዚህ ሁለቱ ሲለያዩ መቅጠናቸው አይቀርም። አጥንታቸውን ያየኸው አንተ ነህ፤ ለእያንዳንዳቸው ስንት ቋጠሮ ልጀምር?»

ክሩን ሁለት ጣቶቹ ላይ አንድ ላይ ጠመጠመ።

«እማማ፣ ሰፋ ያለ… አንድ ብቻ ይሥሩ።»

የሚስቱ ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ከሰኞ ጀምሮ ታውቃለህ» አለችው።

«ሐኪሙ…» አለ።

ልጇን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ በሩን ዘጋችው። አማቱ አንገታቸውን ደፉ፤ የሁለት ጣት ቋጠሮ በአንድ ላይ መቁጠር ጀመሩ።