ዓይነ ደካማው ማሽን

አዲሱን የስቲከር መቁረጫ የገዛሁት ለእናቴ አውራ ጣት ብዬ ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የሆነውን የሰማ ሁሉ "እናቷን ልታባርር ነው የገዛችው" እንዳይለኝ ነው። እናቴ ራሷ ብላኛለች፤ አንድ ሰው ይበቃኛል።

ስቲከር የምሠራው እቤቴ ነው፤ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ለምግብ ተብሎ ተገዝቶ ምግብ ቀርቦበት በማያውቅ ጠረጴዛ ላይ። ለማር ነጋዴ እሠራለሁ፣ ለሻማ ሠሪ እሠራለሁ፣ ደብተሩ ላይ ስሙን መለጠፍ ለሚፈልግ ተማሪም እሠራለሁ። አሮጌውን መቁረጫ "ሽማግሌው" እንለው ነበር። ሲሠራ ይስላል። ጠመዝማዛ መስመር ከገጠመው ግማሹን ቆርጦ ግማሹን ይተወዋል። እሱ የተወውን በመቀስ የምትጨርሰው እናቴ ነበረች። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። ጠዋት ወንበሯን ወደ መስኮቱ ታስጠጋና መነጽሯን አድርጋ ትቆርጣለች፤ እየቆረጠችም እኔንና ባሌን እዚያው ፊታችን ታማናለች።

ሰሞኑን ግን የመቀሱ ቀለበት አውራ ጣቷን አሳበጠው። ማታ በሞቀ ውሃ ስትዘፈዝፈው ሳያት አንጀቴን ትበላዋለች። "ምንም አላመመኝም" ትላለች። እናቴ የሚያማትን ተናግራ አታውቅም፤ የሚያናድዳትን ደግሞ ደብቃ አታውቅም።

ስለዚህ ገዛሁ። አዲሱ ማሽን የጠረጴዛውን እኩሌታ ይዞ ተዘረጋ። ይሄኛው ዓይን አለው፤ ቀልዴን አይደለም። ስቲከሩ ሲታተም በወረቀቱ አራት ጥጎች ላይ ትንንሽ ጥቁር ምልክቶች አብረው ይታተማሉ። ማሽኑ በዓይኑ እነሱን ፈልጎ ያገኝና ሥዕሉ የቱ ጋ እንዳለ አውቆ ይቆርጣል። ይህን ሁሉ ባሌ መመሪያውን ይዞ ጮክ ብሎ አነበበልን። "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" የሚል ሰው ነው፤ እኔ ግን ጠምጥሜ ጨርሼ ነበር። እናቴማ ንባቡ ሲጀመር ተነስታ ወጥታለች።

ተመልሳ ስትመጣ ማሽኑ አንድ ሙሉ ወረቀት ቆርጦ እየጨረሰ ነበር። ቆማ አየችው፤ ከዚያ መቀሷን አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

"ለጣትሽ ብዬ እኮ ነው" አልኳት።

"ጣቴ መች ከሰሰሽ? አሰናበትኩሽ በይ እንጂ።"

"እማዬ፣ ትንሽ እረፊ ማለቴ ነው።"

"ዕረፍት ለሞተ ሰው ነው። እኔ በሰው ቤት እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም።"

የልጇን ቤት ነው የሰው ቤት የምትለው። በዚያው ዕለት ለታላቅ ወንድሜ ደወለችለት። የሱ ቤት ሰፊ ነው፣ ሠራተኛም አለችው፤ ሥራ ከተባለ ግን እዚያም የሚጠብቃት ሥራ የለም። ቢሆንም ቅዳሜ በመኪናው መጥቶ እንዲወስዳት ተነጋገሩ። "እንደ ፈለግሽ" አልኳት። እኔም የእሷው ልጅ ነኝ፤ "አትሂጂ" ማለት ሲያቅተኝ፣ የማሽኑን ካርቶን ማጣጠፍ ጀመርኩ። እሷ ከሄደች ያ ወንበር ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ፤ የታጠበ ልብስ መከመሪያ ነው የሚሆነው። ይህን ሳስብ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ ማሽኑ ብቻውን እየሠራ ነበር፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ዓርብ የአንዲት ሳሙና ሠሪ ደንበኛዬን ትእዛዝ አተምኩ። በቅጠል ቅርጽ የሚቆረጥ፣ ውሃ በማያበላሸው ወረቀት ላይ የታተመ ስቲከር ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥታ ትወስዳለች። ቀለሙ እስኪደርቅ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ማሸጊያ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ወረቀቶቹ ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ተደርድረዋል። እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣለች፤ ፊቷ በራ ብሏል። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሆና አላየኋትም።

"ጥግ ጥጉ ላይ ቀለም አንጠባጥቦበት ነበር" አለችኝ። "አዲስ የተባለው ማሽንሽም እንዲህ ያዝረከርካል ለካ። ቆራርጬ አጸዳሁልሽ።"

አራቱም ጥጎች የሉም። በአንዱም ወረቀት ላይ የሉም። እንደዚያም ሆኖ አንዱን ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ሳበው፣ ጥጉን ዳበሰ፣ ቀይ መብራት አበራና ተፋው። ሌላውንም ተፋው። እንደገና እንዳላትም ያ ወረቀት አልቋል፤ ሻጩም እስከ ሳምንት አያመጣም። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። እናቴ "ምነው፣ ታመመ እንዴ?" ብላ ማሽኑን በሐዘኔታ አየችው። ፊቷ አሁንም እንደበራ ነው። አፌን ዘጋሁ።

"ዛሬ እምቢ ብሏል" አልኩ።

መሳቢያው የተከፈተበትን ፍጥነት ማሽኑም አይደርስበትም። "አንቺ መሐሉን፣ እኔ ዳርና ዳሩን" አለች። "አንተ ደግሞ መመሪያህን አስቀምጥና መቀስ ያዝ።" ባሌ የቆረጠው ቅጠል የሰው ጆሮ መሰለ። እናቴ አንዱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችና "ለሚሰማ ሳሙና ይሆናል" አለች። ከዚያ በኋላ የባሌ ሥራ ትርፉን መላጥና የተቆረጠውን መደርደር ሆነ። እስከ እራት ሰዓት ስንቆርጥ፣ ስንሳሳቅና ስንተማማ ዋልን። እኔ በመሐል እሷን እያየሁ "ነገ እኮ ትሄዳለች" እላለሁ በልቤ፤ ቅጠሉን አጣምመዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜና ሳሙና ሠሪዋ ደጃፍ ላይ ተገናኝተው አብረው ገቡ። ሳሙና ሠሪዋ አንዱን ቅጠል አገላብጣ አየችው።

"አዲሱ ማሽን ነው አይደል የቆረጠው?" አለች። "እኔ ድሮም ብያለሁ። የሰው እጅ እንዲህ ጥርት አያደርግም።"

እናቴ አውራ ጣቷን በሌላው መዳፏ ጨብጣ ያዘች። ሴትዮዋ አመስግና እንደ ወጣች ወንድሜ የእናቴን ቦርሳ አነሳ፣ እሷም ነጠላዋን አጣፋች። እኔ ምን ልል እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

"ይሄ ማሽን አይሆነኝም" አልኩ። "ዓይኑ ደካማ ነው። አጠገቡ ሰው ከሌለ አይሠራም።"

ባሌ መመሪያውን ሊያነሳ ሲል እግሩን ረገጥኩት።

"እንዲያውም ወደ ገዛሽበት መልሺው" አለች እናቴ።

"አይቀበሉም።"

"እንግዲያስ መነጽር ግዢለት።" ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ ወንበሯ ላይ አኖረችው። ወንድሜ "እንሂድ እንጂ እማዬ፣ ረፈደ" ሲላት "ሥራ ላይ ነኝ፣ አይታይህም? ሌላ ቀን ና" አለችው። ቦርሳው ወደ ጓዳ ተመለሰ።

እኔም ብልጠቴ ደስ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁሮቹን ምልክቶች አጥፍቼ ማተም ያዝኩ፤ ማሽኑን ጨርቅ አለበስኩት። የእናቴን ጣት ላድን የገዛሁትን ማሽን አስተኝቼ የእናቴን ጣት ሥራ አስገባሁት ማለት ነው። በአራተኛው ቀን ጣቷ እንደገና አብጦ መቀሱ አልገባ አላት። እውነቱን ብናገር ትሄዳለች፤ ዝም ብል ጣቷ ያብጣል።

መቀሱን ያስቀመጠችው ራሷ ናት።

"ባልሽን ጠየቅሁት" አለች። "እሱ መዋሸት አይችልም፤ ጥቁሮቹ ምልክቶች ምን እንደሚሠሩ ነገረኝ። ለካ ማሽኑን ያሳወርኩት እኔ ነኝ። ቀጥሎ ደግሞ አንቺ።"

አንገቴን ደፋሁ።

"ያን ሁሉ ውሸት ከምትደረድሪ፣ 'አትሂጂ' ማለት ይሄን ያህል ከብዶሽ ነው?"

"ከብዶኝ ነው።"

"አሁን በያ።"

"አትሂጂ እማዬ።" "ብትሠሪም ባትሠሪም አትሂጂ። ያላንቺ ቤቱ አይሆነኝም።"

መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጫፍ ረጅም ጊዜ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። ከዚያ ተነስታ ጨርቁን ከማሽኑ ላይ ገፈፈችው።

"በይ ምልክቶቹን መልሺለትና አስነሺው" አለች። "እዚህ ቤት ሥራ ፈቶ የሚቀመጥ አልወድም።"

አስነሳሁት።