ወንድሜ የሠራላት ጥላ

ሰው መንገድ መጠየቅ አልችልም። የማላውቀው ሰው ትኩር ብሎ ሲያየኝ አፌ ይደርቃል፤ የምጠይቀውም ይጠፋኛል። ያገለገለች ሞተር ስገዛ ይህችኛዋን የመረጥኩት መሪዋ ላይ የራሷ ናቪጌሽን ስላላት ነው።

የአንዲት መድኃኒት ቤት ባለቤት መድኃኒት እንዳደርስ ለሙከራ ተቀብለውኛል። የዛሬውን መድኃኒት እስከ ምሳ ሰዓት ለአንዲት በሽተኛ ካደረስኩ ሥራው የእኔ ነው። ናቪጌሽኗ ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ «ሳተላይት በመፈለግ ላይ» ብላ ቀርታለች።

የታላቅ ወንድሜ ብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ ሞተሯን አቁሜ ናቪጌሽኗን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ፊውዝ ቀየርኩ። ወይ ፍንክች!

«ሸውደውሃል» አለ ወንድሜ፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «የዋህ ነህ ስልህ! ለዚህች ዕውር ነው ትናንት ላሜራ የጨረስኩት?»

ፀሐይ እንዳያንጸባርቅባት ብሎ ከስክሪኗ በላይ የላሜራ ብረት ጥላ ሠርቶላታል። ለሞተሬ የሰጠኝ ስጦታ ነው፤ ቀይ ቀለም ሁሉ ቀብቶታል።

«ገመዷ ላልቶ ይሆናል፣ ጋሼ።»

ገመዱን ለማየት የጥላውን ብሎኖች ፈትቼ ጥላውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ገመዱ ደህና ነው። ተስፋ ቆርጬ ቀና ስል ካርታው በራ! አደባባዩ፣ መንገዱ፣ እኛ የቆምንበት ሰማያዊ ነጥብ!

ጮህኩ። ስጮህ ሰምቶ የማያውቀው ወንድሜ ሥራውን ጥሎ ሮጦ መጣ። «ተቃጠልክ እንዴ?»

«መጣች! ጋሼ፣ መጣች!»

ጥላውን መልሼ ደፋሁባት፤ ትንሽ ቆይታ ነጥቧ ጠፋች። አነሳሁት፤ ተመለሰች።

«እና ሰማዩን የዘጋሁባት እኔ ነኛ?» አለ።

ይከፋዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን በሳቅ ፈረሰ። «በል ብረር! ይኼ ለሚስቴ ምርጥ ቆሻሻ ማፈሻ ይወጣዋል።»

በረርኩ። «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» ስትለኝ «እሺ፣ እመቤቴ!» እላለሁ። በመጨረሻ «ደርሰዋል» ብላ ዝም አለች። ቀና ስል ትልቅ ፎቅ፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት። ምሳ ሰዓት ደርሷል። አንዲት እናት ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ደስታው ገና አልለቀቀኝም መሰለኝ፣ አፌ ሳይደርቅ ቀረ።

«እማማ! መድኃኒት የሚጠብቁት ሴትዮ በር የቱ ነው?»

«እኔው ነኝ፣ ልጄ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «ምነው ጮህክብኝ? እኔ የታመምኩት ጉልበቴን ነው።»